ሁለት ደቂቃ የሚቆየው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩን ያመጣሁት ከሥራ ቦታዬ ነው። ቤር ሼቫ ከተማ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ እውል ነበር። ቢሮው ዕቃውን ሲቀይር አለቃዬ አሮጌዎቹን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ደርድሮ «የፈለገ ይውሰድ» አለ። ከተደረደሩት አንዱን መረጥኩ። ለምን ያንን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ስክሪኑ ላይ ጭረት ስላልነበረበት ይሆናል። ሳጥኑን በአንድ ቀን፣ ስክሪኑን በማግስቱ፣ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን አደረስኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አየት አድርጋኝ «ቤን ካማ?» አለችኝ በዕብራይስጥ፤ ዕድሜው ስንት ነው ማለቷ ነው፣ ልጅ የታቀፍኩ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን ጠባዩን ማሳየት ጀመረ። የማብሪያው ቁልፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረና በሹራብ መሥሪያ ዘንግ ካልተወጋ አይነሳም። ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ አይነሳም፤ በጎኑ ሲያስተኙት ይነሳል። ስክሪኑ ሲበራ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሰውን ሁሉ ሐምራዊ ያደርጋል። ከሁለቱ ስፒከሮች የሚናገረው የግራው ብቻ ነው። የሲዲ መሳቢያው ደግሞ ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ በተነሳ ቁጥር፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠቅ ብሎ ይወጣል። ፍሪጁና ኮምፒውተሩ በአንድ የግድግዳ ሶኬት ነው የሚሠሩት፤ ሌላ ማብራሪያ የሰጠኝ ሰው የለም።

እናቴ በመሳቢያው አልተናደደችም። ጠዋት ጠዋት የምትውጠውን የልብ ኪኒን እዚያ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። መሳቢያው ሲወጣ የመድኃኒት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ፍሪጁ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እግዜር ይወቅ፤ ኪኒኑ ግን አንድ ስለሆነ ችግር አልነበረም። የከፋት ሌላ ነገር ነው። የቤር ሼቫ አየር ደረቅ ነው፤ እሷ ደግሞ ከናይለን የተሠራ የቤት ልብስ ትወዳለች፤ ሳጥኑን በነካች ቁጥር ጣቷን ቆንጠጥ ያደርጋታል። «ነከሰኝ» ትላለች፣ ጣቷን ወደ አፏ እየወሰደች። ልቧ ሳይደክም በፊት አቅመ ደካማ ሽማግሎችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥብና ታበላ ነበር፤ ከነሱም የሚናከስ አጋጥሟታል፣ ስለዚህ አልቀየመችውም።

ዋናው በሽታው ሙቀት ነው። ቪዲዮ ሲከፈትበት ማራገቢያው መጀመሪያ ያንጎራጉራል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ ልክ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ቀጥ ይላል። እስኪበርድ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳጥኑ ላይ እርጥብ ፎጣ ተጥሎበት አገኘሁት። ውሃው በጎኑ ይንጠባጠባል።

«እማዬ፣ ማ ዜ? ይሄ ምንድን ነው? ምን አደረግሽ?»

«ትኩሳት አለበት» አለች። «አንቺ ዝም ብለሽ ታሠሪዋለሽ እንጂ መቼ ታዝኝለታለሽ።»

ማሽኑ ከፎጣው ተረፈ። እንዴት እንደተረፈ አላውቅም።

ኮምፒውተሩን የምንፈልገው ለአርብ ነበር። አርብ ቀትር ላይ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ጎንደር ካለው ወንድሜ ጋር እያየነው እናወራለን። ያኔ እሱ ዘንድ ስልክ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ቤት ድረስ በእግሩ ይመጣል። የእኛ ማሽን የሚሰጠን ሁለት ደቂቃ ነው፤ የአገራችን ሰላምታ ብቻውን ከሁለት ደቂቃ ያልፋል። እንዴት ከረምሽ፣ እንዴት ከረምክ፣ ልጆቹ፣ ሚስትህ፣ ጎረቤቱ፣ ጤናሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እየተባባሉ ገና ወሬው ሳይነሳ ማራገቢያው ይጮኽና ስክሪኑ ይጨልማል። ሩብ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ስንገናኝ እናቴ ሰላምታውን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። «ዝለይው እንጂ!» እላታለሁ። «ሰው ሰላም ሳይባል ይወራል?» ትለኛለች። አንዳንድ አርብ ከሰላምታ ሳንወጣ ሰንበት ገብቶብናል።

ወንድሜ ታላቄ ነው። እኛ ወደዚህ አገር እንድንመጣ ሲፈቀድ የእሱ ስም አልነበረበትም። ሚስትና ልጆች ስላሉት ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው፣ ፋይሉም ለብቻው ይታያል ተባለ። እናቴ ልጇ በራሱ ቤት እንደሚኖር የሚገልጽ ወረቀት ቀረበላትና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ካልፈረምሽ የእናንተም ነገር አብሮ ይቆያል ብለዋት ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ወንድሜ ራሱ «ፈርሚ እማዬ፣ እኔ በዓመቴ እከተላችኋለሁ» አላት። ዓመቱ ዘጠኝ ሆነ። እናቴ ስለዚያ ወረቀት ለሰው አውርታ አታውቅም። አንዴ ብቻ፣ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ «በገዛ እጄ ቆርጬ ጣልኩት» አለችኝ። ስለ ማን እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እዚያ መስመሩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ወንድሜ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ መስመር ሲያጣ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ያዝንለትና በካሜራ ይቀርጸዋል፤ መስመሩ ሲመለስ ይልክልናል። አምስት እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች መጡልን። የመጀመሪያውን ለእናቴ ከፈትኩላት። ሰላም አለችው፤ እሱ አንዴም ሳያርፍ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። ጥያቄ ጠየቀችው፤ ስለ ኪራይ ቀጠለ። «የማይመልስልኝን ሰው ምን ብዬ አናግረዋለሁ? ዝጊው» አለች። በሚቀጥለው አርብ ይሄን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ በኋላ በተቀረጸ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቅና መልስ የሚሰማ ይመስል ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እናቴ ግን አንዴ ጠልታዋለችና የቀሩትን አራት አላሳየኋትም። እኔም መጀመሪያ መጀመሪያቸውን አይቼ ተውኳቸው። በየሁለት ደቂቃው በሚጠፋ ማሽን እስከ መጨረሻ ማየት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ደክሜ ነው የምገባው። ይሄን ስንፍናዬን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ሮሽ ሀሻና፣ የአዲስ ዓመቱ በዓል፣ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መጋዘኑ በር ላይ መጣ። ሥራ ቦታዬ መጥቶ አያውቅም። ጥበቃው በድምፅ ማጉያ ሲጠራኝ ስለ እናቴ ነው ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። አጎቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«እናትሽ ደህና ናት» አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ «ወንድምሽ ነው» አለ። ሦስት ቀን ታሞ፣ በአራተኛው ቀን አርፏል። ቀብረውታል። «መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ አይፈረድብኝ። ግን አንቺ ታስፈልጊናለሽ።»

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል። ሽማግሎች በጠዋት መጥተው በር ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛው እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ እንዳይወድቅ ጉልበት ያለው ሰው ከኋላው ይቆማል፣ ከዚያ ነው ቃሉ የሚወጣው። የታመመ ሰው ከሆነ ደግሞ እስኪድን ይደበቃል። ብቻውን፣ ሳይዘጋጅ እንዲሰማ ማድረግ ትልቅ ነውር ነው። እናቴ ራሷ ስንቱን ደብቃለች። ለአንዲት ጎረቤታችን የእህቷን ሞት አራት ወር ደብቀን፣ ቤቷ እየገባን ሻይ እየጠጣን ስንስቅ ነበር።

እናቴ የዳስ በዓሉ ሱኮት ካለቀ በኋላ ለልቧ ቶር ነበራት፤ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ። ሐኪሙ እስከዚያ ድረስ እንዳትደነግጥ ብሎ ነበር። ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። «የሚያስደነግጠኝ ምን አለ» ብላ ስቃበታለች።

«እስከ ኒቱአሑ ዝም ነው» አለ አጎቴ፣ ቀዶ ሕክምናውን በዕብራይስጥ ስሙ እየጠራ። «ሽማግሎቹም እንዲሁ ብለዋል። ከተነሳች በኋላ ሁላችንም ሆነን እንነግራታለን።»

እሺ አልኩ። ሌላ ነገር ማለት ይቻል እንደነበር እንኳ አልታየኝም። ወደ ውስጥ ተመልሼ በካርቶኖቹ መሃል ገባሁና እጄን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለወንድሜ ያለቀስኩት እዚያው ካርቶን መሃል ብቻ ነው። ቤት ስገባ ፊቴን ታጥቤ ነው የምገባው።

የመጀመሪያውን አርብ ማሽኑ ተበላሽቷል አልኳት። እሱን በሚመለከት ማንም የሚያምነው ነገር ነው። በሁለተኛው አርብ በዘንጉ ወግቼ አላስነሳሁትም፣ ተነስቶ ቢሠራ ምን አደርጋለሁ ብዬ፤ እምቢ አለኝ አልኳት። በዚያ ሳምንት እናቴ መተኛት አቃታት። «ልጄን ካላየሁ ደረቴ አይከፈትም» ትላለች። የክሊኒኩ ነርስ የደም ግፊቷን ለካችና ራሷን ወዘወዘች። አጎቴ ጋ ደወልኩ። «አንድ ነገር አድርጊ እንጂ» አለኝ፣ በቁጣ። በሦስተኛው አርብ አንድ ነገር አደረግሁ።

ከቀሩት አራት ቪዲዮዎች የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ስክሪኑን ሙሉ እንዲሸፍን አድርጌ፣ ማውሱን እጄ ሥር ይዤ፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። እኔ ከሞተ በኋላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ስፒከሩ አየሁ።

«እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ?» አለና ዝም ብሎ ጠበቀ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ እንዴት ከረምክልኝ!» አለች እናቴ።

ራሱን ነቀነቀ። «ልብሽስ?»

«ኧረ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ብሎ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ማለቱ ነው?»

«ድምፁ እየዘገየ ነው የሚደርሰው» አልኳት። «ቅድም ያልሽውን ነው የመለሰው።»

«ይሄ ማሕሼቭ!» ብላ፣ ኮምፒውተር ማለቷ ነው፣ ሳጥኑን በመዳፏ መታ አደረገችው፤ ነከሳት። ያን ጊዜ ማራገቢያው መጮኽ ጀመረ። ድሮ ያ ጩኸት ሲጀምር አንጀቴ ይቆረጥ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ዘመድ ነው የተቀበልኩት። ስክሪኑ ጨለመ። መስመር ጠፍቷል፣ ዛሬ አይመለስም ብለዋል አልኳት። እናቴ አልከፋትም። ልጇን አይታለች። ያን ሌሊት ደህና ተኛች፤ ነርሷም በሚቀጥለው ጊዜ ለክታት ደስ አላት።

እንዲህ ነው ሁለት ተጨማሪ አርቦችን ያሳለፍነው። በአንደኛው ቪዲዮ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። «እስካሁን ይዘንባል እንዴ?» አለች። ዘንድሮ ክረምቱ አልወጣም አሉ አልኳት። በሌላኛው ወንድሜ ትንሹ ልጁ እግሩ ተሰበረ ይላል፤ ልጁ ካገገመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ እሷም ያኔውኑ ሰምታዋለች። «ደግሞ ተሰበረ?» ብላ ደረቷን ያዘች። «የድሮውን ነው የሚያነሳው» ብዬ ዘጋሁት። እያንዳንዱን ስህተት በማሽኑ ላይ አሳበብኩ። ዘገየ፣ ተያዘ፣ ደገመ፣ ቆረጠ እላታለሁ። እናቴ ሁሉንም ታምናለች፤ ያ ሳጥን በቁሙ ያላደረገው ክፋት ስለሌለ። ከሱ ጋር ሆኜ የምዋሻት ስለመሰለኝ ውሸቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኪፑር፣ ሰው ሁሉ ይቅር የሚባባልበት የስርየት ቀን፣ ደረሰ። እናቴ በዚያ ዓመት ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሰው ይቅርታ ጠየቀች፤ ደረቷን ሊከፍቱት ነውና። ነጠላዋን ለብሳ በሕንፃችን ያለውን ሰው ሁሉ በየበሩ አንኳኳች። በልብስ ማስጫው የተጣላቻት ሴት ጋር፣ ድሮ ትንከባከበው የነበረው ሽማግሌ ልጅ ጋር ሳይቀር ሄዳ «በድዬህ እንደሆነ ይቅር በለኝ» አለች። ሁሉም ይቅር አሏት። ተመልሳ ስትመጣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ «አንድ ሰው ቀረኝ» አለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ላለው ለመጨረሻው አርብ መዘጋጀቷ እንደሆነ ገባኝ።

ይሄን ነገር በሁለት ደቂቃ መጨረስ እንደማትችል ታውቃለች። ስለዚህ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሳጥኑን ገበያ በምትጎትተው ባለ ጎማ ጋሪ ውስጥ አስገብታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በዚያ በደከመ ልቧ እየተጎተተች ሽኩና ቤት እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ወሰደችው። እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግን ከሩሲያ የመጣ ሰውዬ አለ። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም፤ የሁለቱም ዕብራይስጥ እኩል ነው። ማታ ስገባ ሳጥኑ ቦታው ላይ ተኝቷል፤ አጠገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። እናቴ እንደ ድል ፈታችው። ከሳጥኑ ውስጥ የወጣ፣ ተድቦልቡሎ እንደ ሱፍ የሆነ የበረሃ አቧራ፣ አንድ የደረቀ በረሮ፣ የጠፋብኝ የፀጉር ማሲያዣ፣ ደግሞም ከመሳቢያው ሾልከው የገቡ ሦስት የልብ ኪኒኖች።

«ምንም የለበትም አለኝ» አለች። «ሰውዬው እንዴት ያስቃል መሰለሽ! እያስነጠሰ ነው ያጸዳው።»

በዘንጉ ሳልወጋው ተነሳ። ማራገቢያው አይሰማም። መብራቱን ባላይ ኖሮ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። እኔም እንደ ሞኝ፣ ይሄ ማሽን ነው፣ እስከ አርብ ጠባዩ ይመለሳል ብዬ ተጽናናሁ።

አርብ ቀትር ላይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የቀረኝ አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። ለምን እንደረዘመ አስቤበት አላውቅም፤ መጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። እዚያ ላይ ሰላምታ አለ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል፣ ከዚያ ማሽኑ ይሞታል። ለእኔ የሚበቃኝ ያ ነበር።

ወንድሜ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሐምራዊ እንኳ አልሆነም። ሰላም ተባባሉ። ስለ ልጆቹ አወራ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ ጣልኩ፤ ዝም ነው። ሦስት ደቂቃ አለፈ። ወንድሜ ወሬ አለቀበትና እንደ ልማዱ «አንቺስ እማዬ?» ብሎ ሊጠብቅ ዝም አለ።

«ልጄ» አለች እናቴ። «ስፈራ የኖርኩት ነገር አለ። ያን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንተ ፈርሚ ብትለኝም ጣቱ የእኔ ነው። ልጄን ከልጄ አበልጬ ነው የመጣሁ። ረቡዕ ደረቴን ሊከፍቱት ነው፣ ብነሳም ባልነሳም አላውቅም። ይቅር በለኝ።»

ገመዱ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር። መንቀል እችል ነበር። ሳትጨርስ ብነቅለው ትርፉ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ጨርሳ ብነቅለው ደግሞ መልስ የከለከላት ይመስላታል እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ወንድሜ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከውጭ ሰው ጠርቶት ይሆናል፤ የቀን ሥራ የሚሰጥ ሰው ካለፈ እንደዚያ ነበር የሚነሳው። እናቴ ግን ይሄን አላየችም። እሷ ያየችው ይቅር በለኝ ስትለው ልጇ ፊቱን አዙሮ ሲነሳ ነው። ተነሳ፣ ወጣ። ባዶው የፕላስቲክ ወንበር ቀረ።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ማቆም ረስቷል። ወንበሩ እዚያው ቆመ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ ሕፃን ይስቃል፣ ወፍ ይንጫጫል። እናቴ ጠበቀች። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ከወንበሩ ሳትነቅል፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ ጠበቀች። ያ በሕይወቱ ሁሉ ሁለት ደቂቃ መቆም ያቃተው ሳጥን አንዴም ሳይተነፍስ ባዶ ወንበር አሳያት። ሲያልቅ ስክሪኑ ጨለመ።

«መስመሩ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «እንደገና እንሞክር ይሆን?»

«መስመሩ ደህና ነው» አለች። «ወፏ እንኳ ትሰማ ነበር።»

«ምናልባት አልሰማሽም—»

«ሰምቶ ነው የተነሳ» አለችኝ። ተነስታ በየሰንበቱ የምትሸፍንበትን ጨርቅ አለበሰችውና ሻማዋን ልታዘጋጅ ሄደች።

እሁድ አጎቴ ቤት ሄጄ እንንገራት አልኩት። የሆነውን ነገርኩት። «ሦስት ቀን ነው የቀረው» አለ። «አሁን ብትሰማ አልጋው ላይ አትደርስም። ቅያሜ አይገድልም፣ መርዶ ግን ይገድላል።» አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር የመናገሩ ጭንቅ ከእኔ ላይ በመነሳቱ ቀለል አለኝ። ረቡዕ ጠዋት አልጋዋን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፉት እጄን ይዛ «ከተነሳሁ ሌላ ጊዜ እጠይቀዋለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ተነሳች። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር ማሽኑን ክፈቺልኝ ትለኛለች ብዬ ስፈራ ነበር፤ አላለችኝም። «ጊዜ ይሰጠው» ብቻ ትላለች፣ የተሸፈነውን ሳጥን እያየች። ልጇ ተቀይሟታል፣ እሷም አክብራ ትጠብቀዋለች። ሐኪሙ ቁስሏ ደርቋል፣ ልቧ ጥሩ ነው እስኪል አንድ ወር ተኩል እንዲህ ኖረች።

በአንድ እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አጎቴና አራት ሽማግሎች፣ ከኋላቸው ሴቶች፣ ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል። እናቴ በሩን እንዳየች ገባት፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቀችው። ሶፋው ላይ አስቀመጧት፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ቃሉ ሲነገራት ጀርባዋ ሆዴ ላይ ወደቀ፣ አጥብቄ ያዝኳት። ጩኸቱ ሕንፃውን ሞላው። እኔም የወራት ለቅሶዬን ያን ጊዜ በአደባባይ አለቀስኩ፤ ደስታ የሚመስል ነገር ነበረው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ እናቴ ቀና ብላ አጎቴን «መቼ ነው?» አለችው።

«ከሮሽ ሀሻና በፊት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ሮሽ ሀሻና፣ ኪፑር፣ ሱኮት። ሴቶቹ የምትቆጥረው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ቆጥራ ስትጨርስ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ።

«ያን አርብ ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር፣ እማዬ።»

ፊቷ ፈታ አለ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል፣ ዓይኔ እያየ፣ ዕረፍት አገኘች። «እንዲያ ከሆነ ተቆጥቶ አልተነሳብኝም» አለች። ግን አልቆየም። እንደገና አሰበች መሰለኝ፣ ያጠፈቻቸውን ጣቶቿን አየች። «ይቅር በለኝ ስለው አልሰማኝማ» አለች። «የሰማሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከሶፋው ዞሬ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። «ይቅር ብሎሻል፣ እማዬ» አልኳት። «ድሮውንም አልተቀየመሽም።» እውነት መሆኑን አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

እጄን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ወደ እኔ መለሰችው።

«ዛሬም በሱ አፍ ትናገሪልኛለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፣ አብረን ነው የምንኖረው። ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች፣ ሥራ ውዬ ስገባ በልተሽ ነወይ ትለኛለች። ስለዚያ አርብ አንስተን አናውቅም። ይቅር በይኝ ማለት ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ እስካሁን ግን አላልኳትም።